አራት ደቂቃ ጠብቅ

መልኳ ጠይም ነው፤ እንዲያውም ወደ ጥቁረት ያደላል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን የምትጠራው «ቀዮ» ተብላ ነው። ስሙን ያወጡላት ፕሮግራመሮቹ ናቸው። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር የእሷ ስክሪን በቀይ ጽሑፍ ይሞላል፤ እሷም እሱ ላይ አፍጥጣ ትውላለች። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «ቀዮን ሄደህ ጠይቃት» ብለው ይልኩትና ቀላ ያለች ሴት ፍለጋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ይስቁበታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ሥራዋን ለእናቷ ማስረዳት ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልሆነላትም። እናቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ታይፒስት ነበሩ። ማሽን የሚባል ነገር አያስፈራቸውም፤ የልጃቸው ሥራ የቱ ላይ እንደሆነ ግን አልታይ አላቸው።

«ፕሮግራሙን የሚጽፉት እነዚያ ልጆች ናቸው» ይላሉ።

«አዎ።»

«የሚሠሩበት ደግሞ ነርሶቹና ሐኪሞቹ።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ አንቺ ምኑ ጋ ነሽ?»

«መሐል ላይ። እነዚህ የጻፉት እነዚያ ጋ በደህና እንዲደርስ ነው የማደርገው።»

«ፖስተኛ ነኝ አትዪኝም ታዲያ!»

ከእውነቱ ብዙም አልራቁም። መሥሪያ ቤቱ የበሽተኞችን ካርድ የሚይዝ ፕሮግራም ይሠራል፤ ሠላሳ አንድ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ይጠቀሙበታል። ፕሮግራመሮቹ አንድ ነገር ባሻሻሉ ቁጥር አዲሱ ኮድ መገጣጠም፣ መፈተሽ፣ ከዚያም በየተቋሙ ኮምፒውተር ላይ በአሮጌው ቦታ መተካት አለበት። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው አይደለም። አንዱ ደረጃ ሲያልቅ ቀጣዩን እየቀሰቀሰ በራሱ ይሄዳል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «መስመሩ» ይሉታል። አንዱ ደረጃ እምቢ ሲል ሁሉም ቀጥ ይላል፤ ያኔ ነው «ኧረ ቀዮን ጥሩ!» የሚባለው።

መስመሩን የዘረጉት ጋሼ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳን የተጠጋ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ቃል ከአፋቸው በመከራ የሚወጣ ሰው። ቀዮ በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት መስመሩ ቆመና ስክሪኑ ቀላ። ጋሼ ወንበራቸውን ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ምን ይላል?»

«ፈተናው ወደቀ ነው የሚለው።»

«እሱ መጨረሻው ነው። ከላይ ጀምረሽ አንብቢ።»

«ጋሼ፣ አርባ ገጽ እኮ ነው!»

«ማን ያባርርሻል?»

አነበበች። ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ ቀይ እንኳን ባልሆነ ተራ ጽሑፍ፣ አንዱ ኮምፒውተር ቦታ እየጠበበው መሆኑን ተናግሮ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሠላሳ አራት ገጽ ሁሉ የዚያ መዘዝ ነበር። ጋሼ ተነስተው ወንበራቸውን ወደ ቦታው መለሱት። እሷ ግን ያን ቀን ደስታዋ ልክ አልነበረውም። እንዲህ እንዲህ እያለች በሦስት ዓመት ውስጥ የሥራው ግማሽ እጇ ገባ። ጋሼም ለሌላው የማይሰጡትን ትዕግሥት ለእሷ ይሰጡ ነበር፤ ሰውም ይህን ያውቃል።

የተጣሉት አዲሱ ኃላፊ በመጣ በሁለተኛው ወር ነው። ኃላፊው ፈጣን ነገር የሚወድ፣ ክፉ ያልሆነ ወጣት ነበር። በሰኞ ስብሰባ ላይ «አንድ ማሻሻያ ሁሉም ጋ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ለምንድነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀዮ መልሱን ታውቀዋለች። ጋሼ ከጻፉት ስክሪፕት፣ መስመሩን ከሚመራው የትእዛዝ ዝርዝር ውስጥ «አራት ደቂቃ ጠብቅ» የሚል አንድ ትእዛዝ አለ። መስመሩ የአንዱን ተቋም አሮጌ ፕሮግራም ከዘጋ በኋላ አዲሱን ከመጫኑ በፊት አራት ደቂቃ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። በሠላሳ አንድ ሲባዛ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ለምን እንደሚጠብቅ የትም አልተጻፈም።

ቀዮ ይህን ለኃላፊው አስረዳች። እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ግን ሰው ሁሉ እያያት ነበርና ቀልድ ቢጤ አማራት።

«መስመራችን እኮ ጡረታው ደርሷል። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው በየፎቁ ያርፋል» አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ በዚያ ሰሞን ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆም እንደሚሉ ሁሉም ያውቃል። እሷም ሳቁ ከፍ ሲል ነው ምን እንዳለች የገባት።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምክንያት አለው» አሉ።

«ምንድነው ምክንያቱ?» አለ ኃላፊው።

«አለው አልኩ።»

ከስብሰባው በኋላ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄደች። «ጋሼ፣ ቀልድ እኮ ነው፣ በሞቴ።»

«ቀልድሽን ሰምቻለሁ» አሉና ወደ ስክሪናቸው ዞሩ።

ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው የቀረው ሰላምታ ብቻ ሆነ። ጠዋት «እንደምን አደሩ»፣ ማታ «ደህና ይደሩ»። አምስት ወር አለፈ። እሷ «እኚህ ሰውዬ ምን ያህል ይኮራሉ!» ትላለች በሆዷ፤ እሳቸው ምን ይሉ እንደነበር አይታወቅም። ከዚያ ታመው ሁለት ሳምንት ቀሩ። ቀዮ ልትጠይቃቸው ዛሬ ነገ ስትል፣ እናቷም «ሂጂ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያሉ ሲጎተጉቷት፣ አንድ ረቡዕ ከምሳ በፊት የመሞታቸው ወሬ መጣ።

ቀብር ላይ ከኋላ ቆማ ነበር። ፊት ለመቅረብ መብት ያላት አልመሰላትም።

ከቀብሩ በዘጠነኛው ቀን መስመሩ ቆመ።

ጊዜው ሊቆም የሚገባው አልነበረም። የአንድ ሆስፒታል ፋርማሲስት ፕሮግራሙ የሕፃናትን መድኃኒት በክብደታቸው ሲያሰላ እንደሚሳሳት ደርሳበት ደውላ ነበር። ስሕተቱ ትንሽ ነው፤ ሕፃኑም ግን ትንሽ ነው። ፕሮግራመሮቹ በአንድ ጠዋት አስተካከሉት፤ የቀረው ለሁሉም ማድረስ ብቻ ነበር። መስመሩ ገጣጠመ፣ ፈተሸ፣ ሊልክ ሲል ቀጥ አለ።

ቀዮ ከላይ ጀምራ አነበበች። ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘችው። የጋሼ መለያ ስም፣ ከጎኑ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር፦ ይህ ተጠቃሚ የለም።

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ነገሩ ቀላል ነበር። የሰው ኃይል ክፍል በደንቡ መሠረት የሟቹን አካውንት ዘግቷል። መስመሩ ግን ከተዘረጋ ጀምሮ ወደየተቋሙ የሚገባው በጋሼ ስም ነበር፤ የኮምፒውተሮቹ የመግቢያ ቁልፍ ሁሉ የእሳቸው ነው። ይህን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም፤ እሷም ጭምር። ማሽኑ ያለውን ነው የተናገረው። እሷ ግን ያቺን ዐረፍተ ነገር ደጋግማ አነበበቻት፤ ቀብሩ ላይ ያልመጣላት እንባ እዚያ ጠረጴዛ ላይ መጣ።

«ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?» አለ ኃላፊው፤ ፊቷን ላለማየት መስኮት መስኮቱን እያየ።

«አካውንታቸው ይመለሳል?»

«ጠይቄያለሁ። አንዴ ከጠፋ አይመለስም።»

«እንግዲያው ነገ ከሰዓት።»

አዲስ ቁልፍ አውጥታ ከሠላሳ አንዱ ተቋም ጋር አንድ በአንድ በስልክ እየተነጋገረች አስገባች። የጋሼን ስክሪፕት ደግሞ ከፍታ ስማቸው ያለበትን ቦታ ሁሉ ቀየረች። ይህን እያደረገች «አራት ደቂቃ ጠብቅ» ላይ ደረሰች።

ኋላ ላይ ራሷን ስትመረምር፣ ያን ሰዓት የተሰማትን አልካደችም። የሕፃናቱ ነገር ቶሎ ይድረስ የሚል ሐሳብ ነበረባት፤ እውነት ነው። ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ነበር። ልክ ነበርኩ ማለት ፈልጋለች። በሰው ፊት አፍራ አምስት ወር ስትብሰለሰል የቆየችበትን ነገር፣ ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ቢሆን፣ ማሸነፍ ፈልጋለች። ትእዛዙን ሰረዘችው።

መስመሩ በሃያ ስድስት ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ አንዱንም ጨርሶ አረንጓዴ ሆነ። ሰው አጨበጨበ። ኃላፊው «አየሽ!» አላት። እሷም ፈገግ አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ተደወለ። መስመሩ ከሚደርስባቸው ሁሉ ርቆ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የደወለችው እዚያ ለብዙ ዓመት የሠራች ነርስ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት።

«ጋሼን አቅርቢልኝ፣ እባክሽ» አለች።

«ምን ልታዘዝ? እኔ አብሬያቸው ነው የምሠራው።»

«ካርዶቹ ጎድለዋል። ስሙ አለ፣ ዕድሜው አለ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ሁሉም አይደሉም፤ ግማሽ ያህሉ። አሁን አንዲት እናት መጥታ ሐኪሙ ፔኒሲሊን አዘዘላት። ሰውየው አዲስ ነው፣ ካርዷን አይቶ ነው ያዘዘው፤ የማይስማማት መድኃኒት የሚለው ቦታ ላይ ምንም የለም። መርፌውን ይዤ ቀና ስል ፊቷን ለየሁት። አምና በዚሁ መድኃኒት እጄ ላይ ልትሞት ነበር እኮ! እኔ ባላውቃት ኖሮስ?»

ቀዮ ወንበሩን ጨብጣ ቆመች። «ሲስተር፣ ኮምፒውተሩን አጥፊው። በወረቀት ሥሩ። እኔ እመጣለሁ።»

«ጋሼስ? እሳቸው እኮ መላውን ያውቁታል። ማሽናችን እርጅና ተጫጭኖታል፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋ የያዘውን ጽፎ እስኪጨርስ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ማሻሻያ ሲልኩ እንዲሁ ግማሽ ካርድ ጠፍቶብን፣ ስልክ ላይ ሆነው በሰዓት አስቆጠሩኝ። ሦስት ደቂቃ ከምናምን መጣ። ‹አራት እናድርገው› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በላኩ ቁጥር ይደውላሉ፤ ‹ሲስተር፣ ደህና ገባ?› ይላሉ። ትናንት ሳይደውሉ ሲቀሩ ገርሞኛል።»

እንዲህ ያለ ነገር ማንም ነግሯት አያውቅም። ጋሼ በየጊዜው ስልክ ይዘው ወደ መተላለፊያው ሲወጡ ቤታቸው የሚደውሉ ይመስላት ነበር።

«ሲስተር» አለች። «ጋሼ አርፈዋል። ከአሥር ቀን በላይ ሆናቸው።»

ከሲስተር ጀርባ ሕፃን ያለቅሳል፤ የሆነ ሰው ተራ ይጠራል።

«ሳይነግሩን?» አለች ሲስተር። «አንድ ቀን እንኳን አይቻቸው አላውቅም እኮ።»

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሦስት ሰዓት ፈጀባት። ጤና ጣቢያው ዝቅ ያለ ረጅም ቤት ነው፤ በረንዳው ላይ ሰው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ከካርድ ክፍሉ ጥግ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ከመንገድ ላይ ሆና ደውላ ኃላፊውን መስመሩን እንዲያስቆም፣ ለሌሎቹ ሠላሳ ተቋማትም ካርዶቻቸውን እንዲያመሳክሩ እንዲያሳውቅ አድርጋ ነበር። የሌሎቹ ማሽኖች አዲስ ስለነበሩ ምንም አልጎደለባቸውም። እዚህ ግን አሮጌው ፕሮግራም የያዘውን ጽፎ ሳይጨርስ አዲሱ ገብቶበታል። ደግነቱ ለዘለቄታው የጠፋ ነገር አልነበረም። ከጎደሉት ካርዶች የሚበዛውን ከመጠባበቂያው ቅጂ አወጣች። በመጨረሻው ቀን የተጻፉትን ግን ቅጂው አልያዛቸውም፤ ሲስተር ከምትይዘው መዝገብ እያነበበችላት በእጅ ማስገባት ነበረባቸው። መቶ አሥራ ሁለት ካርድ።

ሲስተር ታነባለች፣ ቀዮ ትጽፋለች። አርባኛው አካባቢ ላይ ቀዮ እጇን አሳረፈች።

«አራቱን ደቂቃ ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሲስተር ከመዝገቡ ቀና አላለችም። «ገብቶኛል።»

«አንድ ቃል ምክንያቱን ቢጽፉት ኖሮ…»

«አንቺስ አንድ ቃል ብትጠይቂያቸው ኖሮ?»

በቁጣ አልነበረም ያለችው። ጣቷን የቆመችበት ስም ላይ አድርጋ ጠበቀች። ቀዮ በዚያ ስብሰባ ላይ የጠየቀች መስሏት ነበር፤ አልጠየቀችም፤ አሳቀች እንጂ። እሳቸውም ለሰው የማይነገር ነገር ይዘው አልነበረም፤ አኮረፉና ዋጡት። ሁለቱም የየድርሻቸውን አጥፍተዋል። ዕዳው ግን ሊወድቅ የነበረው በረንዳው ላይ ተራ በምትጠብቅ፣ ሁለቱንም በማታውቅ ሴት ላይ ነው።

«ቀጥዪ፣ ሲስተር» አለች።

ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ ጨረሱ።

በማግሥቱ ኃላፊው ሪፖርቱን ራሱ አርቅቆ ጠበቃት። «የቴክኒክ ብልሽት» ይላል።

«ብልሽት አይደለም» አለችው። «በደህና የሚሠራ ነገር ነው ምክንያቱን ሳላጣራ ያነሳሁት። እንደዚያ ብለህ ጻፈው።»

«ቀዮ፣ ራስሽን ለምን ታስጠምጃለሽ? የሞተ ሰው ስክሪፕት ነው፤ ማንም አይጠይቅሽም።»

«ለዚያ ነው እንደዚያ መጻፍ ያለበት።»

ተጻፈ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ ገባ። ደብዳቤውን ለእናቷ አሳየቻቸው። እናቷ መነጽራቸውን አድርገው እንደ ድሮ ሥራቸው መጀመሪያ የአተያየቡን ስሕተት አረሙ፤ ከዚያ አጥፈው መለሱላት።

«ቤታቸው ሄደሻል?» አሏት።

«አልሄድኩም።»

«እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነገ ብትዪኝ አልሰማሽም።»

ቅዳሜ ሄደች። የጋሼ ባለቤት በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። አጠር ያሉ፣ ጥቁር የለበሱ፣ ዓይናቸው ቀጥ ብሎ የሚያይ ሴት ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ የለቅሶ ወንበሮች ገና አልተነሱም። ቀዮ ማን እንደሆነች ተናገረች።

«ከእሱ ጋር የምትሠሪው?» አሉ። ከዚያ ቆም ብለው፦ «በስብሰባ ላይ የሳቁበት ጊዜ ነበር። አንድ ሰሞን እህል አልወርድ ብሎት ነበር። እንደ ልጄ የማያት ልጅ ናት ያሳቀችብኝ ነው ያለኝ። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ለቀዮ ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ትንሽ መሰላት። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፦ የተዘጋውን አካውንት፣ የሰረዘችውን ትእዛዝ፣ ጤና ጣቢያውን፣ መርፌዋን ይዛ የቆመችውን ሲስተር። ሴትዮዋ ሳያቋርጡ ሰሙ።

«ማታ ቤት ሆኖም ስልኩ ላይ ‹ሲስተር፣ ሲስተር› ሲል እኔ ምን ይመስለኝ ነበር መሰለሽ» አሉና ሳያስቡት ሳቁ፤ ወዲያው ሳቁ ተለውጦ አለቀሱ። ቀዮ አጠገባቸው ተቀመጠች። አይዞሽም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አልተባባሉም። ስትነሳ ግን «አልፎ አልፎ ብቅ በይ» አሏት፤ እሷም ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ቀዮ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። አራቱ ደቂቃ ቦታቸው ተመለሱ፤ ለዚያ ጤና ጣቢያ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም፤ የዛሬ አዲስ ማሽን ነገ ያረጃልና። መስመሩ ሲልክ እሷ ትደውላለች፤ ሲስተር «ደህና ገብቷል» ስትላት ነው ከወንበሯ የምትነሳው። ቁልፎቹን ከሰው ስም አውጥታ በመሥሪያ ቤቱ ስም አደረገቻቸው። የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊዋ «አሁን አንቺ ብትለቂ አይቆምም ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቃት «ብሞትም አይቆምም» አለቻት። ሴትዮዋ «ኧረ ክፉ አታውሪ!» ብላ ደነገጠች።

ከእያንዳንዱ ደረጃ አጠገብም ምክንያቱን ጻፈች። አንዳንዱን ታውቀዋለች፤ አንዳንዱን ተቋማቱን ደውላ ጠይቃ፣ የድሮ ደብዳቤ አገላብጣ ደረሰችበት። ዘጠኙን ግን ምንም ብታደርግ ማወቅ አልቻለችም። እነሱ አጠገብ «ምክንያቱን አላውቅም» ብላ ጻፈች።

«እንዲህ ተብሎ ይጻፋል እንዴ?» አላት አንዱ ፕሮግራመር።

«ካላወቅኩ ምን ልጻፍ?»

ከዘጠኙ ውስጥ ሰባቱ በዓመቱ ተገኙ። ሁለቱ ቀርተዋል። አንደኛው አንድን ፋይል በየሐሙሱ ስሙን ይለውጣል፤ ሌላው አንዱን ፈተና ሁለት ጊዜ ይደግማል። ጥቅማቸው ለማንም አልታየም። ኃላፊው አንድ ሁለቴ፣ ይሰረዙ እንደ ማለት፣ ዓይኑን ጥሎባቸው አይቷታል። እሷም አይታዋለች። እስከ ዛሬ አልተነኩም።